ለልጄ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ስንፈልግ የገባንባቸው በሮች

ትልቋ ልጄ ባለፈው ሰኔ ከሃይስኩል ተመርቃ ዘንድሮ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆናለች። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምታጠናው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ስንቀማመስ እናቶች ወደ ጎን እየሳቡ «እንዴት አደረግሽው? ማን ሞላልሽ? ስንት ከፈልሽ?» ይሉኛል። ቆሜ ስነግራቸው አንዱን ስይዝ ሌላው ይረሳኛል። ስለዚህ የሞከርነውን፣ የጠቀመንንም ያልጠቀመንንም፣ እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ የመጣነው በፈረንጆቹ 2010 ሲሆን ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ደሴ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ናርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ከእሷ በታች አሥረኛ ክፍል የደረሰች ሴትና የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ይህን የምናገረው ገቢያችን ምን ያህል እንደሆነ እንድትገምቱ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚሠራው ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት ነውና።

መጀመሪያ ገንዘብ የከፈልንበትን ልናገር። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ የምረቃ ድግስ ላይ አንድ ሰው አገኘን። «ለልጆቻችሁ ስኮላርሺፕ እናስገኛለን፣ ካልተገኘ ገንዘባችሁ ይመለሳል» አለን። 850 ዶላር በሁለት ጊዜ ከፈልን። ከወር በኋላ የመጣልን አንድ የፕላስቲክ ፎልደር ነው፤ ውስጡ የ40 ስኮላርሺፕ ዝርዝር። ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናየው ግማሹ ቀኑ ያለፈበት፣ ሌላው የነርሲንግ ተማሪ ለሆኑ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ቴክሳስ ነዋሪ ላልሆነ የማይሰጥ ሆኖ ተገኘ። ከዝርዝሩ ጋር «የተዘጋጀ» ድርሰትም ነበረበት፤ ስሟን የምትሞላበት ቦታ ብቻ ክፍት ነው። ድርሰቱ በስደተኞች ካምፕ ያደገች ልጅ ታሪክ ነው። ልጄ ካምፕ አይታ አታውቅም። አነበበችውና ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እማ፣ ይሄ እኔ አይደለሁም፤ ይሄን ከላክሁ እዚያ በእውነት ያደገችውን ልጅ ቦታ ነው የምወስደው» አለችኝ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በዚህ ጉዳይ አገሪቱ በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆቹ የስኮላርሺፕ ማጭበርበርን የሚቀጣ ሕግ ማውጣቷን ያወቅሁት በኋላ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለወላጆች ከሚያስጠነቅቃቸው ቃላት አንዱም ያ የተባልነው ነው፤ «ዋስትና አለው፣ ካልሆነ ገንዘብህ ይመለሳል»። እህቶቼ፣ ለማመልከት የሚያስከፍል ስኮላርሺፕ ካጋጠማችሁ ዘግታችሁ ውጡ። ልጄን የጠቀማት ነገር ሁሉ ነጻ ነበር።

ቀጥሎ ፋፍሳ። ብዙ ሰው ስኮላርሺፕ ይመስለዋል፤ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ነው። ግን እንደ እርሾ ነው፤ ያለ እሱ ምንም አይቦካም። ፔል ግራንት የሚመጣው በእሱ ነው፤ የስቴቱ እርዳታም በእሱ ነው፤ ኮሌጆቹም ከራሳቸው ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት እሱን ያያሉ። ፔል ግራንት ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፤ ብድር አይደለም፤ አይመለስም። ፎርሙ በ2020 በወጣ ሕግ አጥሯል፤ ሆኖም አዲሱ ፎርም በመጀመሪያ ዓመቱ ኦክቶበር መግቢያ ላይ መከፈት ሲገባው እስከ ዲሴምበር 2023 መጨረሻ ዘገየ። ወላጆቻቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ልጆች በዚያ ዓመት ክፉኛ ተጉላልተዋል። ልጄ በሞላችበት ዓመትም ለሁሉም ሰው የተከፈተው ኖቬምበር ላይ ነው።

እኛን ያሰረን ስም ነው። የፈረንጅ ፎርም አንድ ቤት አንድ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ነው የሚነሣው። እኛ ቤት ሦስት አለ፦ የልጄ መጨረሻ ስም የአባቷ ስም ነው፤ የእሱ መጨረሻ የአባቱ፤ የእኔ የአባቴ። በዚያ ላይ ባለቤቴ በሥራም በሰፈርም የሚታወቀው በአባቱ ስም ስለሆነ የፋፍሳውን አካውንት ሲከፍት በዚያው ጻፈ። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ግን መጨረሻ የሰፈረው የአያቱ ስም ነው፤ ከፓስፖርቱ የመጣ። ሲስተሙ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ሲያመሳክረው አልገጠመም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፓስዎርድ ይሆናል፣ ስልኩ ይሆናል እያልን ስንደክም ከረምን። አንድ ቅዳሜ ልጄ «አባ፣ ካርዱን አምጣው እስቲ» አለችና ፊደል በፊደል ጮክ ብላ አነበበችለት። ያኔ ነው የገባን።

ከዚያም በላይ የቆጨኝ እሱ መጀመሪያውኑ አካውንት መክፈት አያስፈልገውም ነበር። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ካስገቡ የአንዱ ወላጅ አካውንትና ፈቃድ ይበቃል። እኔ ብቻዬን ብፈርም በአንድ ማታ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከኮምፒውተሩ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አውጡ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ስም ብቻ ጻፉ፤ ሰው የሚጠራችሁን ስም እርሱት።

የመኖሪያ ወረቀትን በተመለከተ ሁሉም እናት የምትጠይቀኝን ልመልስ። የሚታየው የልጅቷ ወረቀት ነው እንጂ የወላጆቿ አይደለም። እኛ በሞላንበት ጊዜ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያላት፣ በስደተኝነት የገባች ወይም ጥገኝነቷ የጸደቀላት ልጅ የፌዴራሉን እርዳታ ታገኛለች። ጥገኝነት ጠይቃ ውሳኔ የምትጠብቅና ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ብቻ ያላት አታገኝም። ስለ እነሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ እነሱም መንገድ አላቸው።

ፋፍሳ ላይ አንድ የሚከፋኝ ነገር አለ። በየወሩ ለእናቴ መድኃኒት ደሴ የምልከው፣ ለባለቤቴ እህት ልጆች ትምህርት የምንከፍለው፣ እዚያ ቦታ የለውም። ፎርሙ የሚያውቀው የታክስ ወረቀት ነው፤ ሐዋላ አያውቅም። በወረቀት ላይ ያለው ገቢና እጃችን ላይ የሚቀረው የተለያየ እንደሆነ እያንዳንዱ የሐበሻ ቤት ያውቀዋል። ብዙ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቃሉ፤ የቤተሰብ ገቢ እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ተማሪ ነጻ ነው። ረጅምና አድካሚ ነው፤ ሁለት ማታ ፈጅቶብናል። ግን ልዩ ሁኔታችሁን በራሳችሁ ቃል የምትጽፉበት ቦታ አለው። እዚያ ላይ የእናቴን መድኃኒት ጻፍኩት። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ፎርም ሞልቻለሁ፤ ይህን ለመጻፍ ቦታ የሰጠኝ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሌላው፣ ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት የኋላ ታክስ ነው። ለ2025-26 ያየው የ2023ን ነው። እኔ በ2023 ድርብ ሺፍት እሠራ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ወገቤን አሞኝ ሰዓት ቀነስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ዝም አትበሉ፤ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ ትችላላችሁ። እኛ የዶክተር ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት ላክን፤ አስተካከሉልን።

አሁን ከሁሉ በላይ የጠቀመንን ልንገራችሁ፤ ኤይሰስ የሚባለው ፕሮግራም ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ሼዲ ግሮቭ ያለው የዩኒቨርሲቲዎች ማዕከል በጋራ የሚያካሂዱት ነው። ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ፣ ለስደተኛ ቤተሰብ፣ ከቤቷ ኮሌጅ ለመግባት የመጀመሪያ ለሆነች ልጅ የታሰበ ነው። ሃይስኩሉ ውስጥ የምትቀመጥ ኮች፣ ማለትም አማካሪ፣ አለች፤ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ጀምራ ገብታበት ነበር። ምንም አይከፈልበትም።

አንድ ቀን ኮቿ «ከትምህርት ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ «ምንም» አለች። ክለብ የለችም፤ እግር ኳስ አትጫወት፤ የሙዚቃ መሣሪያ አልተማረች። ኮቿ ጥያቄውን ለወጠችው፦ «እሺ፣ ከሰዓት በኋላ የመውጫው ደወል ሲደወል የት ነው የምትሄጂው?» ልጄ ነገረቻት። ወንድሟን ከትምህርት ቤቱ ታመጣለች። ታበላዋለች፤ የቤት ሥራውን ታሠራዋለች። እኔ ሌሊት ስለምሠራ እስከ አመሻሽ አልነሣም። ማክሰኞ ማክሰኞ ፖስታውን ትከፍታለች፤ የኢንሹራንሱን፣ የቤት ኪራዩን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ እሷ ናት የምታነበው፤ የሚደወልበትንም እሷ ትደውላለች። የአባቷን የኡበር ማይልና የቤንዚን ወጪ ኤክሴል ላይ መዝግባ ለታክስ ሠሪው የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ።

ኮቿ አንድ ደብተር ሰጥታት «ለአንድ ሳምንት የምትሠሪውን ሁሉ ከሰዓቱ ጋር ጻፊ» አለቻት።

ያንን ደብተር ያየሁት ጠዋት ከሥራ ስገባ ነው። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። «ሰኞ፦ ወንድሜን ማምጣት፣ ምሳ፣ የቤት ሥራ፣ 2 ሰዓት ከ30። ማክሰኞ፦ የእማ ኢንሹራንስ፣ ስልክ ላይ መጠበቅ 1 ሰዓት ከ10። ረቡዕ፦ ወጥ ማሞቅ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የአባ ማይል…» ታች ላይ ደምራዋለች፤ 22 ሰዓት። የግማሽ ቀን ሥራ ደመወዝተኛ ማለት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ስም ስጠራው «ልጄ ታግዘኛለች» ነበር የምለው። ከዚያ በላይ አስቤበት አላውቅም። ሴት ልጅ ስለሆነች እንደ ውኃ መቅዳት የተፈጥሮ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት፤ እኔም ለእናቴ እንዲሁ ነበርኩ። ሳልተኛ ተቀምጬ ጠበቅኋትና ስትነሣ አቀፍኳት። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን እንደምላት አላወቅሁም።

ለኮሌጅ ማመልከቻ ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ ተማሪዋ ከትምህርት ውጭ የምትሠራቸውን እስከ አሥር ድረስ እንድትዘረዝር ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ ከስፖርትና ከሙዚቃ እኩል «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምድብ አለ። ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚፈቀደው 150 ፊደልና ምልክት ብቻ ስለሆነ ያቺን አንዲት መስመር ስትጽፍ ስትደልዝ ሦስት ቀን ፈጀባት። ግን ገባች፤ በሳምንት 22 ሰዓት ተብላ ገባች፤ ከዝርዝሩም አንደኛ ላይ ተቀመጠች። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ልጃችሁ «ምንም አልሠራም» ካለቻችሁ እሑድ ቁጭ በሉና አብራችሁ ቁጠሩ።

ድርሰቱ ግን ከዚህም ይከብድ ነበር። 650 ቃል ስለ ራሷ። እኛ «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው ደስ አይለንም፤ ልጆቻችንንም በዚያው አሳድገናል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጽፍ ከላይ እስከ ታች «እኛ» ነው፤ እኛ መጣን፣ እኛ ተቸገርን፣ እኛ አሸነፍን። የእንግሊዝኛ መምህሯ እያንዳንዱን «እኛ» በቀይ ከብቦ «አንቺ የት አለሽ?» ብሎ መለሰላት። ተናደደች። አባቷም ተናደደ፤ «ቤተሰቧን መጥራት ጥፋት ነው እንዴ?» አለ። በመጨረሻ የጻፈችው ስለ አባቷ የማይል መዝገብ ነው። አንድ ዓመት ወጪውን በትክክል ስላልመዘገበ ታክሱ እንዴት እንደበዛበት፣ እሷ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ስታስቀምጥ መንገዶቹን ማየት እንደጀመረች፣ የትኛው ድልድይ ሁልጊዜ እንደሚጨናነቅ፣ ለምን ብላ እንደጠየቀች። ኢንጂነሪንግ የመረጠችው ከዚያ ነው። እኔ እናቷ እንኳን አላውቅም ነበር።

ክዌስትብሪጅን በሚገባ ልገምግመው፤ ብዙ ሐበሻ ስሙን ሰምቶ አሠራሩን አያውቅም። ካሊፎርኒያ ያለ፣ ትርፍ የማያካብት ድርጅት ነው። አቅም የሌላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከታላላቅ ኮሌጆች ጋር ያገናኛል፤ ከተመደበች አራቱ ዓመት ሙሉ ወጪ ተሸፍኖ ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት ገቢው ብዙውን ጊዜ ከ65,000 ዶላር በታች ሲሆን ነው የሚያዩት። ማመልከቻው ነጻ ነው። ልጅቷ እስከ 15 ኮሌጅ በቅደም ተከተል ትደረድራለች፤ ውጤቱ ዲሴምበር 1 ይነገራል። ወረቀት የሌላትም አሜሪካ ሃይስኩል የምትማር ከሆነ ማመልከት ትችላለች፤ ይህን በጣም ወደድኩለት። ስለ ቤተሰብ ኑሮም ሰፋ አድርጎ ይጠይቃል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ «እነዚህ ሰዎች የኛን ቤት ሊያውቁ ይፈልጋሉ» ያለችው በእሱ ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት ከተከፈተ ገና ወር ገደማ ነው፤ በመሃል እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። ጌትስ የሚባለው ሌላው ትልቅ ስኮላርሺፕ ደግሞ ሴፕቴምበር 15 ይዘጋል፤ ከእንቁጣጣሽ በአራተኛው ቀን ማለት ነው። ዶሮው ሲወጠወጥ፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ ቡና ስታቀርብ የምትውለው ማን ናት? በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽን በቤታችን አላደረግንም። ለእህቴ ደውዬ «ዘንድሮ ወደ አንቺ እንመጣለን፣ ልጄ ግን አትመጣም» አልኳት። ዘመድ ቅር ብሎታል፤ እኔ ግን ዛሬም አልጸጸትም። ድርሰቱን ክረምት ላይ፣ ጁላይ ውስጥ አስጀምሯት፤ መምህራኗንም ለምስክርነት ደብዳቤ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ትለምናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ርቀት ነው። የ15ቱን ዝርዝር አባቷ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ማሳቹሴትስ፣ ካሊፎርኒያ፣ አዮዋ። «ሴት ልጄን አሥር ሰዓት ርቀት ላይ ማን ያየልኛል?» አለ። ብዙ ቤት ይህ ክርክር የሚነሣው ውጤት ከመጣ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል፤ በክዌስትብሪጅ ከተመደበች አብዛኞቹ ኮሌጆች ጋር ግዴታ ነው፤ እምቢ ማለት የለም። እኛ አስቀድመን ተጣላን፤ ጥሩ ሆነ። ከኮሌጆቹ ውስጥ ዌልስሊና ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ መሆናቸውን ስትነግረው ትንሽ ለዘብ አለ። ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ የኢንጂነሪንግ ዲግሪም ይሰጣል። ማታ ሥራ ላይ ደወለልኝና «የሴቶች ብቻ ከሆነ እንያዛት» አለኝ። በአራት ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ከእሷ ጋር ተቀምጦ አስተካከለው፤ ርቀቱን በማይል፣ ትኬቱን በዶላር እያሰላ፣ እንደ ሥራው።

ክዌስትብሪጅ ላይ ፋይናሊስት ሆነች፣ ማለትም ለመጨረሻው ዙር አለፈች፤ ግን ኮሌጅ አልተመደበችም። ዲሴምበር 1 ከሰዓት ስልኳን አየችና ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ቢሆንም ድካሙ ከንቱ አልሆነም፤ ፋይናሊስት የሆነች ልጅ ያንኑ ማመልከቻ ተጠቅማ ለኮሌጆቹ በመደበኛው ጊዜ ያለ ክፍያ ማመልከት ትችላለች። ያን የጻፈችውን ድርሰት ለሜሪላንድም፣ ለሌሎቹም፣ ለስኮላርሺፖቹም ተጠቅማበታለች።

ፖሲ የሚባለውን ፕሮግራም ረፍዶብን ነው ያወቅነው። ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከአንድ ከተማ ወደ አሥር የሚሆኑ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ አንድ ኮሌጅ ይልካል፤ ትምህርቱም ሙሉ ይከፈላል። ዋሽንግተን ዲሲም ከከተሞቹ አንዷ ናት። ልጅቷ ራሷ አታመለክትም፤ ትምህርት ቤቷ ወይም የማኅበረሰብ ድርጅት ነው የሚጠቁማት፤ ያውም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት። ብቻዋን አትሄድም፤ ከምታውቃቸው ጋር ነው። ለአባቶች ይህን ንገሯቸው።

ወረቀታቸው ላላለቀላቸው ልጆች ቃል የገባሁት ይኸው። ዘ ድሪም ዩኤስ በ2014 የተቋቋመ ነው፤ ዳካ (በልጅነታቸው ለመጡ ወረቀት አልባ ልጆች የሚሰጠው ጊዜያዊ ጥበቃ) ወይም ቲፒኤስ ላላቸው፣ ምንም ወረቀት ለሌላቸውም ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ አብረውት የሚሠሩ ኮሌጆች ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ከእነሱ አንዱ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ትሪኒቲ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1897 በካቶሊክ መነኮሳይያት የተመሠረተ፣ የሴቶች ኮሌጅ ያለው። ከቤቷ ሳትርቅ፣ ከሴቶች ጋር የምትማርበት ለምትፈልግ ልጅ ሄዳችሁ እዩት። ሜሪላንድ ደግሞ በ2012 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ፣ እዚሁ ሃይስኩል ለተማሩና የቤታቸው ታክስ ለተከፈለ፣ ወረቀት ባይኖራቸውም እንደ ነዋሪ በርካሽ ዋጋ እንዲማሩ ፈቅዳለች። የጎረቤታችን ልጅ በዚህ መንገድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገብታለች። ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ስትገባ እናቷ አፍራ ለሰው አልተናገረችም ነበር። ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚውኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወሩ ጎበዞች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር እንደሚሰጥ ስነግራት ደንግጣ አየችኝ።

ለሴቶች ብቻ ከሚሰጡት ሁለት አውቃለሁ። የሴት መሐንዲሶች ማኅበር በአንድ ማመልከቻ ለብዙ ስኮላርሺፕ ያወዳድራል፤ ልጄ አመልክታ በመጀመሪያው አላገኘችም፤ በየዓመቱ ስለሚከፈት ደግማ ታመለክታለች። ፒኢኦ የሚባለው የሴቶች ማኅበር ከ1869 ጀምሮ ያለ ሲሆን ለሃይስኩል ተመራቂ ሴቶች ይሰጣል፤ ግን ከአካባቢው ምዕራፍ የሚጠቁማት ሴት ያስፈልጋታል። እኛ ማንንም አላወቅንም። የምታውቁ ጠይቁ፤ ያገሬ ሴቶች የምንፈራው መጠየቅን ነው።

መጠየቅ ካልኩ የሜሪላንድን ነገር ልጨምር፤ እሱን የሚያውቅ ሐበሻ አላገኘሁም። እያንዳንዱ የሜሪላንድ የምርጫ ወረዳ በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ባለው ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ዴሊጌት የሚባሉ ሦስት ተወካዮች አሉት። እነዚህ ሰዎች ለወረዳቸው ተማሪዎች የሚሰጡት የስኮላርሺፕ ገንዘብ አላቸው። ፋፍሳውን እስከ ማርች 1 መሙላት፣ ከዚያ ለአራቱም መጻፍ ነው። ልጄ ለአራቱም ጻፈች፤ ሁለቱ መለሱ። ከሴናተሩ በዓመት 1,000 ዶላር አገኘች። መጽሐፏን ሸፍኖላታል። አባቷ ደብዳቤውን አጥፎ መኪናው ውስጥ ይዞት ይዞራል።

ኤፕሪል ላይ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ጠቅላላ እርዳታ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ውስጥ ብድርም ይደመራል። ከአንድ ሌላ ኮሌጅ የመጣው ወረቀት በመጀመሪያ እይታ ከሜሪላንድ ይበልጥ ነበር፤ ልጄ በእስክሪብቶ ብድሩን 5,500 ሰርዛ፣ ሠርታ የምታገኘውን ሰርዛ፣ የማይመለሰውን ብቻ ስትደምረው ገለባበጠው። ሜሪላንድ ትምህርቱ ለነዋሪ በዓመት ወደ 12,000 ዶላር ነው፤ ፔሉ፣ የስቴቱ ግራንትና የሴናተሩ ሲደመሩ አልፎታል። ሜሪላንድ ደግሞ በ2017 ሕግ አውጥታለች፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ልጅቷ ከውጭ ስኮላርሺፕ ስታመጣ የራሱን እርዳታ እንደልቡ መቀነስ አይችልም። ሌላ ስቴት የምትልኩ ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ዶርም አልገባችም፤ ገንዘቡ ለእሱ አልደረሰም። ከቤት በአውቶቡስ ትመላለሳለች። ይህን ስንወስን አንድ ነገር ቃል ገባሁላት፤ ወንድሟን የማመጣው እኔ ነኝ። እንቅልፌን ለሁለት ከፍዬ ከሥራ ስገባ አራት ሰዓት፣ እሱን ካመጣሁ በኋላ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። ይከብዳል። ግን 22ቱ ሰዓት አሁን የካልኩለስ ነው። ፖስታውን አሁን እህቷ ትከፍታለች፤ እሷም ደብተር ይዛለች፤ ከአሁኑ።

ዘንድሮ ፋፍሳ በጊዜው ተከፈተ። በየዓመቱ መታደስ አለበትና ባለፈው ሳምንት ሞላነው። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ፣ እኔ ብቻዬን ፈርሜ፣ 22 ደቂቃ ፈጀ። ልጄ ጠረጴዛው ማዶ የፊዚክስ ላብ ሪፖርቷን እየጻፈች ነበር። የእሷን ክፍል ስትጨርስ ቀና ሳትል ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችልኝ።